ቆጣሪና ፈላጊ በአንድ ጠረጴዛ

(የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች ኮምቦልቻ ላይ በተገናኙበት ጉባኤ መክፈቻ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ የቀረበ)

አሰላሙ ዓለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አደራችሁ?

ሌሊት ተነስታችሁ ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል የወረዳችሁ፣ ከወልድያም ከከሚሴም የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እዚሁ ኮምቦልቻ ያላችሁም እንኳን ደህና ጠበቃችሁን።

ጠዋት ስገባ አዳራሹን ቆሜ አየሁት። በግራ በኩል የሒሳብ ሰዎች ተቀምጠዋል። በቀኝ በኩል የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች። መሐል ላይ ሁለት ረድፍ ወንበር ባዶውን ቀርቷል። እንዲህ ተቀመጡ ብሎ ያዘዘ ሰው የለም። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ባዶ ወንበር ነው።

ይህ ጉባኤ የተጠራው ኮምቢናቶሪክስንና የኮምፒውተር ሳይንስ ቲዎሪን ለማገናኘት ነው። ኮምቢናቶሪክስ ነገሮችን ስለ መምረጥና ስለ መደርደር የሚያጠና የሒሳብ ዘርፍ ነው። በስንት መንገድ ይደረደራል? እንዲህ ያለ አደራደር ጭራሽ ይኖራል ወይ? እያለ ይጠይቃል። የኮምፒውተር ሳይንስ ቲዎሪ ደግሞ፣ እሺ ይኑር፣ ግን አግኝቶ ለማውጣት ስንት እርምጃ ይፈጃል? ይላል። አንዱ ቆጣሪ ነው፤ አንዱ ፈላጊ ነው። ቆጣሪ ያለ ፈላጊ፣ ፈላጊም ያለ ቆጣሪ የትም አይደርስም። ይህን ነው ላሳያችሁ የምፈልገው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ፤ ስለ መቁጠር፣ ስለ መፈለግ፣ አብሮ ስለ መቀመጥ። ከዚያ በፊት ግን የራሴን አንድ ታሪክ ላስቀድም።

የሒሳብ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የፈተና ፕሮግራም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ ተባለና ተጋፍተን ሄድን። ብናይ፣ ሁለት ፈተና በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፤ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። ሁለቱንም ኮርስ የወሰድነው ስድስት ልጆች ነን። ቢሮ ሄድን። ፕሮግራሙን የሚያወጡት ሰው ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው በእርሳስ ነው የሚሠሩት። ወረቀቱ ከመደለዙ ብዛት ሳስቷል፤ የተቀደደው ቦታ በፕላስተር ተለጥፏል። የላጲስ ብናኝ የኮታቸው እጅጌ ድረስ ወጥቷል። «ልጆቼ፣ የናንተን ባነሳው የሌላው ይወድቅብኛል» አሉን። ግን አነሱልን። በማግስቱ የሌሎች ልጆች ፈተና ተጋጨ። የነሱንም አነሱ። ያ ፕሮግራም አራት ጊዜ ተለጥፎ አራት ጊዜ ወረደ። በመጨረሻ እኔ አንዱን ፈተና ሳልፈተን ቀረሁ፤ ኢንኮምፕሊት ተሰጠኝና ክረምቱን ሙሉ ውጤት ስጠብቅ ከረምኩ።

እሳቸውን አልወቅስም። ከጠዋት እስከ ማታ ይለፉ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ሴሚስተር ግራፍ ቲዎሪ እየተማርን ነበር! መምህራችን ሰሌዳው ላይ ነጥብና መስመር ሥሎ፣ በመስመር የተያያዙ ሁለት ነጥቦች አንድ ዓይነት ቀለም ሳይኖራቸው እንዴት እንደሚቀቡ አስተምሮናል። ቲዎረሞቹን፣ እነዚያን የተረጋገጡ የሒሳብ ሕጎች፣ በቃሌ እወጣቸው ነበር። ማዶ ባለው ሕንፃ ደግሞ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ሌሊቱን ሙሉ ፕሮግራም ይጽፋሉ። አሁን አስቡት፤ ኮርሱን ነጥብ በሉት። ሁለት ኮርስ አንድ የጋራ ተማሪ ካላቸው በመስመር አያይዟቸው። የፈተናውን ሰዓት ቀለም በሉት። የሰውዬው ወረቀት ያው ግራፉ ነው! ያው ራሱ! እኔ ዘንድ ቲዎረሙ አለ፤ እነሱ ዘንድ ማሽኑ አለ፤ እሳቸው ዘንድ ችግሩ አለ። ሦስታችንም አንድ ግቢ ውስጥ ነን። ግን አልተገናኘንም።

ወደ ፈተናው ፕሮግራም ኋላ እመለሳለሁ። አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ፣ ወደ መቁጠር ልግባ።

ወሎ ላይ ቆሞ ስለ መቁጠር የሚናገር ሰው ከቅኝት ቢነሳ ያምርበታል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲ ይኸው ከዚህ ወደ ቆላ ወረድ ሲሉ ነው፤ አምባሰልም ከሐይቅ አለፍ ብሎ። የቦታውን ስም ለዜማ የሰጠ አገር ልጆች ነን። ቅኝቶቹ ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። በፒያኖ ቁልፍ እንቁጠር ካልን አንድ ኦክታቭ ውስጥ፣ ማለትም አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪደገም ድረስ፣ 12 ድምፅ አለ። መነሻው ድምፅ ከተያዘ፣ ከቀሩት 11 ውስጥ አራት መምረጥ ነው። በስንት መንገድ? 11ን በ10፣ በ9፣ በ8 አባዙት፤ 7,920 ይመጣል። አራት ነገር በ24 መንገድ ስለሚደረደር ለ24 አካፍሉት። 330 ነው። ሊኖሩ ከሚችሉት 330 ውስጥ የእኛ ሰዎች ስም አውጥተው ያቆዩልን ዋናዎቹ አራት ናቸው። የማሲንቆ ድምፅ የፒያኖ ቁልፍ ላይ በልኩ እንደማይቀመጥ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለቆጠራችን ግን ይበቃል።

አሁን ጥያቄ። ሁሉንም ሰምተን እንምረጥ ብንልስ? ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ብንሰጥ 330 ደቂቃ፤ አምስት ሰዓት ተኩል። ይቻላል! አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ መጨረስ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

አሁን ስድስት ሰው ወደዚህ ውጡልኝ። ከሁለቱም ወገን። አትፍሩ፤ አብሽሩ!

(ስድስት ተማሪዎች ወደ መድረኩ ወጡ።)

እነዚህን ልጆች አላውቃቸውም። ግን አንድ ነገር አስይዤ መናገር እችላለሁ። ከነዚህ ስድስት መካከል ወይ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሦስት አሉ፤ ወይ እርስ በርስ ጭራሽ የማይተዋወቁ ሦስት አሉ። ከሁለቱ አንዱ የግድ ነው። እስቲ አንቺ፣ ቀይ ሻርፕ ያደረግሽው፤ ከአምስቱ ስንቱን ታውቂያለሽ? ሦስቱን? ጥሩ። ሦስታችሁ ወደዚህ ጠጋ በሉ። እናንተስ፣ እርስ በርስ የምትተዋወቁ አላችሁ? ሁለታችሁ ሐይቅ አብራችሁ ተምራችኋል? በቃ! እሷና እናንተ ሁለታችሁ፤ ሦስት የሚተዋወቁ ሰዎች። ሦስታችሁም የማትተዋወቁ ብትሆኑ ኖሮስ? ያኔ ሦስት የማይተዋወቁ ራሳችሁ ናችኋ! ማምለጫ የለም። እሷ ከአምስቱ የምታውቀው ከሦስት ያነሰ ቢሆንስ? እንግዲያው የማታውቃቸው ቢያንስ ሦስት ናቸው፤ ያንኑ ሐሳብ ገልብጣችሁ ድገሙት። እግዜር ይስጥልኝ፣ ተቀመጡ።

አምስት ሰው ቢሆንስ? አይሠራም። አምስት ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው እያንዳንዱ ግራና ቀኙን ብቻ ቢያውቅ፣ ሦስት የሚተዋወቁም ሦስት የማይተዋወቁም አታገኙም። ማታ ወረቀት ላይ ሥላችሁ እዩት። ስለዚህ መልሱ በትክክል 6 ነው። የዚህ ጥያቄ አባት ፍራንክ ራምሴ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930 በ26 ዓመቱ ሞተ። በዚያ ዕድሜ የተወው ሐሳብ ይኸው እስከ ዛሬ እንጀራችን ነው።

ከሦስት ወደ አራት እንለፍ። አራት የሚተዋወቁ ወይም አራት የማይተዋወቁ የግድ እንዲገኙ ስንት ሰው ያስፈልጋል? 18፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1955 ታወቀ። ለአምስትስ? ማንም አያውቅም። አዎ፣ በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው የለም! ከ43 እንደማያንስ፣ ከ46 እንደማይበልጥ ተረጋግጧል፤ ከዚያ ወዲህ ጭጋግ ነው። ኮምፒውተር አንድ በአንድ ቢሞክረውስ? በ43 ሰዎች መካከል 903 ጥንድ አለ። እያንዳንዱ ጥንድ ወይ ይተዋወቃል ወይ አይተዋወቅም። ሁለትን በራሱ 903 ጊዜ አባዙት፤ 272 አሃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል። ያን አምስት ሰዓት ተኩል አስታውሱ። ቅኝቱን ሰምተን ጨረስነው፤ ይህን ግን የሚጨርሰው ማሽን የለም፣ አይኖርምም። ቆጣሪው ቁጥሩን ሲያወጣ ፈላጊው የቱ ጋ መቆም እንዳለበት ያውቃል።

ሁለተኛው ነጥብ መፈለግ ነው።

አባቴ ሹፌር ነበር። ደሴ ፒያሳ ካለ መጋዘን በአይሱዙ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና እየጫነ በየከተማው ላሉ ባለሱቆች ያደርሳል። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ረዳቱ እኔ ነበርኩ። ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ባቲ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ኩታበር፣ አቀስታ፣ ወረኢሉ። አሥር ከተማ። በስንት ቅደም ተከተል ሊያዳርሳቸው ይችላል? 3,628,800። አባቴ ይህን አላሰላም። አንድ ደንብ ግን ነበረው። «የገባህበትን መንገድ ሳትጨርስ አትመለስ» ይለኝ ነበር። ኮምቦልቻ ከወረደ ባቲን፣ ሐርቡን፣ ከሚሴን ሳያዳርስ ወደ ደሴ አይወጣም። ወደ ሐይቅ ከሄደ ደግሞ መርሳ ድረስ ነው። ደረሰኞቹን በዚያው ተራ ደርድሮ በላስቲክ ያስራቸውና ከፊት ለፊቱ ካለው የፀሐይ መከላከያ ሥር ይሰካቸዋል። ከተማ በደረስን ቁጥር ሳያይ እጁን ልኮ የላይኛውን ይመዛል። አንድ ቀን እንኳ የሌላ ከተማ ደረሰኝ ሲመዝ አላየሁም።

አባቴ ትክክል እንደነበረ የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። እሱ የሚሄድባቸው መንገዶች ከደሴ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚወጡ ነበሩ፤ ዞሮ የሚገናኝ የለም። መንገዱ ዛፍ ከሆነ፣ የገቡበትን ቅርንጫፍ ጨርሶ የሚወጣ ሰው እያንዳንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ ብቻ ያልፈዋል፤ አንዴ ሲሄድ፣ አንዴ ሲመለስ። ከዚያ ባነሰ ደግሞ ሁሉን አዳርሶ ቤቱ የሚገባ የለም። ማረጋገጫው ይኸው ነው፤ አለቀ። ከሦስት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ በላይ አማራጭ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወደቀ! ለምን? የመንገዱ ቅርጽ ስለታወቀ። ቅርጽ ማየት የኮምቢናቶሪክስ ሥራ ነው።

መንገዱ እርስ በርሱ የተሳሰረ ቢሆንስ? ከሁሉም ወደ ሁሉም መሄድ ቢቻልስ? ያኔ የአባቴ ደንብ አይበቃም። ሃያ ከተማ በሉ። በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ቅደም ተከተል የሚመረምር ማሽን ሁሉንም ለመጨረስ ወደ 77 ዓመት ይፈጅበታል። አንድ ከተማ ብቻ ጨምሩ፣ ሃያ አንድ አድርጉት፤ ከ1,600 ዓመት በላይ! የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች፣ እዚህ ላይ ነው ፈጣን ላፕቶፕ እገዛለሁ ማለት የማይረዳችሁ።

ግን ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ1962 ሄልድና ካርፕ የተባሉ ሰዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ውጫሌ ደርሰሃል እንበል። ኩታበርን፣ ሐይቅንና ባቲን ጨርሰሃል። ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ የሚወስነው ምንድን ነው? አሁን የት እንዳለህና የትኞቹን እንደጨረስክ ብቻ! የጨረስካቸውን በምን ተራ እንደጨረስካቸው ለቀረው መንገድ ምኑም አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የጨረስከው ስብስብና አሁን ለቆምክበት ከተማ በጣም አጭሩን አንዱን ብቻ መዝግብ፣ ሌላውን ጣል። በዚህ መንገድ ለሃያ ከተማ የሚያስፈልገው ወደ 420 ሚሊዮን እርምጃ ነው። ያው ማሽን ግማሽ ሴኮንድ ሳይሞላው ይጨርሰዋል። 77 ዓመት ግማሽ ሴኮንድ ሆነ! ማሽኑ አልተለወጠም። የተለወጠው ቆጠራው ነው። ምን መቁጠር እንዳለብንና ምን መተው እንዳለብን ነው ያወቅነው።

ችግሩ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። በዚህ በብልሁ መንገድም ቢሆን ስልሳ ከተማ ሲሆን ከ130,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። ከዚህ የተሻለ፣ ከተማው ሲጨምር እንዲህ የማይፈነዳ መንገድ አለ ወይ? ይህ ጥያቄ ነው የሁለቱን ሙያዎች ታሪክ የቀየረው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ስቲቨን ኩክ አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ላይ አንድ የሎጂክ ጽሑፍ አቀረበ። መልሱ ቢሰጥህ ቶሎ አመሳክረህ ልክነቱን ልታረጋግጠው የምትችለው ጥያቄ ሁሉ ወደ አንድ የሎጂክ ጥያቄ ሊቀየር ይችላል አለ። ሌዮኒድ ሌቪንም ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ለብቻው ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሶ ነበር። የኩክን ጽሑፍ ካነበቡት አንዱ ሪቻርድ ካርፕ ነው። የቅድሙ ካርፕ፣ የ1962ቱ! ካርፕ ሲደረድርና ሲመርጥ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ሲያስቸግሩት ከርመዋል። የሎጂኩን ጽሑፍ ሲያነብ የራሱን ጥያቄዎች እዚያ ውስጥ አያቸው። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ እሱም በጉባኤ ላይ 21 ጥያቄዎች አቀረበ። ግራፍ መቀባት አለበት፤ በሁሉም ነጥብ አንድ አንድ ጊዜ አልፎ ወደ መነሻ መመለስ አለበት፤ ዕቃ መምረጥና መከፋፈል አለበት። ሁሉም በችግርነታቸው አንድ ናቸው አለ። ለአንዱ ፈጣን መንገድ ካገኛችሁ ለሁሉም አገኛችሁ። ቶሎ የሚፈቱት ጥያቄዎች ፒ ይባላሉ፤ መልሳቸው ቶሎ የሚመሳከረው ደግሞ ኤንፒ። ፒ እና ኤንፒ እኩል ናቸው ወይ የሚባለው ጥያቄ ይኸው ነው። ክሌይ የተባለው የሒሳብ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ለሚፈታው አንድ ሚሊዮን ዶላር መደበ። እስከ ዛሬ ገንዘቡን የወሰደ የለም።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ ካርፕ «ይህ የሎጂክ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ጽሑፉን ቢያስቀምጠው ኖሮስ? ቢያስቀምጠው ኖሮስ?

አሁን ወደ እኚያ ሰው ወረቀት ልመለስ። አርባ ኮርስና አሥር የፈተና ክፍለ ጊዜ አለ እንበል። በደፈናው የሚቻለው አመዳደብ ከአንድ ቀጥሎ አርባ ዜሮ ነው። አስፈሪ ነው አይደል? ግን አንዱም ኮርስ ከዘጠኝ በላይ ከሆኑ ኮርሶች ጋር የማይጋጭ ከሆነ ምንም አትፍሩ፤ አሥሩ ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ይበቃል። ለምን? ኮርሶቹን በፈለጋችሁት ተራ እያነሳችሁ አስቀምጡ። አንድ ኮርስ ስታስቀምጡ የሚዘጉባችሁ ክፍለ ጊዜዎች ቢበዛ ዘጠኝ ናቸው። አሥር አላችሁ። አንዱ ክፍት ነው። እዚያ አስቀምጡትና ወደሚቀጥለው እለፉ። ይኸው ነው! የተቀመጠ ማንሳት የለ፣ መደለዝ የለ፣ ላጲስ የለ።

ልብ በሉልኝ። አሁን የተናገርኩት ምንድን ነው? ማረጋገጫ ነው ወይስ ፕሮግራም? የሒሳብ ተማሪ ቲዎረም አረጋገጠልን ይላል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ አልጎሪዝም፣ ማለትም ደረጃ በደረጃ የሚሠራበት መመሪያ፣ ሰጠን ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተናገርኩት። ግጭቱ ሲበዛ ግን ዋስትናው ይቀራል፤ በሦስት ቀለም ብቻ ይቀባል ወይ የሚለው እንኳ ከነካርፕ አስቸጋሪ ጥያቄዎች ጎራ ነው። ያኔ ሌላ ብልሃት ያሻል፤ ለምሳሌ ብዙ የሚጋጨውን ኮርስ አስቀድሞ ማስቀመጥ። እኚያ ሰው ከሁሉ አስቀድመው ያስቀመጡት የትኛውን ነበር? በፊደል ተራ ነበር የሚሄዱት። ይህን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም።

ሦስተኛው ነጥብ አብሮ መቀመጥ ነው። እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ።

ፖል ኤርዶሽ ሃንጋሪያዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1996 ኖረ። የዕድሜውን አብዛኛውን ክፍል ቋሚ ቤት ሳይኖረው ሻንጣውን ይዞ ከአንዱ የሒሳብ ሰው ቤት ወደ ሌላው ሲዞር አሳለፈ። ወደ 1,500 የሚጠጋ ጽሑፍ፣ ከ500 በላይ ከሚሆኑ ሰዎች ጋር ጽፏል። ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። እኔን ግን አይገርመኝም፤ እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ደረሳው ከአንዱ ሸህ ወደ ሌላው፣ ዳና ነው ገታ ነው እያለ፣ ኪታብ ፍለጋ ሲሄድ የኖረው እዚህ ነው። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ቅኔውን ከአንዱ የኔታ፣ ዜማውን ከሌላው የቀዳው እዚህ ነው። ዕውቀት ያለው ሰው ዘንድ በእግር መሄድ ለኛ አዲስ አይደለም።

ኤርዶሽ እ.ኤ.አ. በ1947 የቅድሙን የራምሴ ጥያቄ ይዞ አንድ ነገር አደረገ። ብዙ ሰው ሰብስብ፤ ለምሳሌ 1,024። ማን ከማን እንደሚተዋወቅ ለእያንዳንዱ ጥንድ ሳንቲም ወርውረህ ወስን አለ። አንበሳ ከሆነ ይተዋወቃሉ፤ ካልሆነ አይተዋወቁም። ከዚያ ቆጠረ። እርስ በርስ የሚተዋወቁ ወይም የማይተዋወቁ ሃያ ሰዎች ይገኛሉ ተብሎ የሚጠበቀው በአማካይ ከአንድ ያነሰ ስብስብ ሆነ። በአማካይ ከአንድ ካነሰ፣ ቢያንስ በአንድ አወራወር ላይ ዜሮ ነው ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስብስብ የሌለበት አደራደር አለ! አንድም ሳያሳየን መኖሩን አረጋገጠ።

እዚህ ላይ ፈላጊው ብድግ ይላል። «አለ ካልክ አሳየኝ። ያለ ሳንቲም፣ በግልጽ ደንብ ሥራልኝ።» ይህ ከባድ ሆነ። ሳንቲም የወረወረ ሰው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ያገኘዋል፤ የሳንቲሙን ያህል ጥሩ የሆነ ግልጽ ደንብ ግን እስካሁን አልተገኘም። እስካሁን ከተገኙት ምርጦቹን የሠሩት እነማን ናቸው? የኮምፒውተር ሳይንስ ቲዎሪ ሰዎች ናቸው። ስለ ራምሴ ብለው አልጀመሩም። የተበላሸ ሳንቲም፣ ወደ አንድ ወገን የሚያደላ ዕጣ፣ እንዴት ተጣርቶ ቅን ሳንቲም ይሆናል? ብለው ሲለፉ ነው የደረሱበት። ከዚህ ሥራ ጋር ስሙ ከሚነሳው አንዱ አቪ ዊግደርሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አቤል የተባለው ትልቁ የሒሳብ ሽልማት ለሁለት ሰዎች በጋራ ተሰጠ፤ ለዊግደርሰንና ለሃንጋሪያዊው ላስሎ ሎቫስ። አንዱ ከኮምፒውተር ወገን፣ አንዱ ከኮምቢናቶሪክስ ወገን ናቸው ቢባልም ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንበሩን ሲሻገሩ የኖሩ ናቸው። የተሸለሙትም ሁለቱን ዘርፎች የዘመኑ ሒሳብ እምብርት እንዲሆኑ በማድረጋቸው ነው።

መምህራን ሆይ፣ እለምናችኋለሁ። ግራፍ ቲዎሪ የምታስተምሩ፣ ማዶ ያለውን የአልጎሪዝም መምህር አንድ ቀን ክፍላችሁ ጋብዙት። አልጎሪዝም የምታስተምሩ፣ «ይህ ፕሮግራም ልክ ነው» ስትሉ ለምን ልክ እንደሆነ የሒሳቡን ልጅ ሰሌዳ ላይ አውጡትና ያሳያችሁ። ይህ በጀት አይጠይቅም። ደብዳቤ አይጠይቅም። ግቢ መሻገር ነው የሚጠይቀው። ተማሪዎች፣ እናንተን ደግሞ ልለምን። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ። የሬጅስትራር ቢሮ ግቡ። መናኸሪያ ሄዳችሁ ስምሪት የሚያወጣውን ሰው አጠገቡ ቁሙ። ፋብሪካ ሄዳችሁ ሠራተኛ በፈረቃ እንዴት እንደሚመደብ ጠይቁ። በእርሳስና በላጲስ የሚለፋ ሰው ባለበት ሁሉ ለሁላችንም የሚበቃ ሥራ አለ።

ንግግሬን ጨርሻለሁ። ቡናው እየተፈላ ነው፤ ሽታው እዚህ ድረስ መጥቷል። ከአቦሉ በኋላ ግን ሁላችሁም ወደ መሐል ትመጡልኛላችሁ፤ እነዚያ ሁለት ረድፍ ወንበሮች ላይ፣ አንድ ከሒሳብ አንድ ከኮምፒውተር እየሆናችሁ። ጠረጴዛው ላይ የ38 ኮርሶች ዝርዝር አለ፤ የተማሪ ስም የለበትም፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚጋጭ ብቻ ነው ያለበት። ጠመኔ የምትይዙት፣ ሁሉም እርስ በርስ የሚጋጩ ኮርሶች ፈልጉልኝ። ሰባት ብታገኙ ከሰባት ክፍለ ጊዜ ባነሰ እንደማይቻል አረጋገጣችሁ ማለት ነው፤ ከታች ወደ ላይ ግፉ። ላፕቶፕ የያዛችሁ፣ የሚሠራ ፕሮግራም አውጡና የክፍለ ጊዜውን ቁጥር አንድ አንድ እየቀነሳችሁ ከላይ ወደ ታች ግፉ። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ተገናኝተው እንደሆነ ሰሌዳው ላይ እናያለን።